በእንቁላል የሚጋለብ ብስክሌት

ጳጉሜ ነበር። ገና ኮቴን ሳላወልቅ ሻምበል ገብረእዝጊ ከቢሮአቸው በር ላይ ጠሩኝ።

"ተናኜ፣ ላምበረት ሂጂ። አንድ ልጅ ተደብድቦ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ተገኝቷል።"

"ሞቷል?"

"ነፍሱ አለች፤ ግን አይናገርም። ዓለምሰገድ ይባላል፣ ብስክሌት ተወዳዳሪ ነው። ለአብዮት በዓሉ ውድድር ከተመዘገቡት አንዱ ነው አሉ።"

ድምፃቸውን ለምን ዝቅ እንዳደረጉ ወዲያው ገባኝ። የአብዮት በዓል የሚል ቃል የገባበት ጉዳይ እንደ ሌላው ጉዳይ እኛ ጠረጴዛ ላይ ብዙ አያድርም። ቶሎ ካልዘጋነው ከእኛ በላይ ያሉት መጥተው ይወስዱታል፤ ጉዳዩን ሲወስዱ የተያዘውንም ሰው ይወስዳሉ። ያኔ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ ደግሞ የሚጠይቅም የሚመልስም አልነበረም።

እኔ ሃምሳ አለቃ ተናኜ ነኝ፤ በዚያ ዘመን የቦሌ ጣቢያችን ብቸኛዋ ሴት መርማሪ። ስለ ብስክሌት የማውቀው መንገድ ስሻገር እንደሚያስደነግጠኝ ብቻ ነበር።

ላምበረት ስደርስ ልጁን በጭነት መኪና ሆስፒታል ወስደውታል። የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች ተሳፋሪ ከሚጭኑበት አጠገብ፣ ቦዩ ዳር፣ አንድ ቀይ የጣሊያን ብስክሌት ተጋድሟል። ያገኘው የአውቶቡስ ረዳት ነው።

"የሰከረ ሰው መስሎኝ ነበር" አለኝ። "ቀረብ ስል የእንቁላሉ ልጅ ነው። በየጠዋቱ ከኮተቤ ትልቅ ቅርጫት እንቁላል ጭኖ በዚህ ያልፋል። ለእንቁላል ብለው ሊገሉት?"

ቅርጫቱ የለም። ቅርጫቱ የሚታሰርበት የኋላ መጫኛ ብረትም የለም፤ ተፈትቷል። ከጎማው በላይ የሚሆነው የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎ የሚሉት፣ እሱም የለም።

አብሮኝ የመጣው ፖሊስ "ሌባው ጊዜ ነበረው ማለት ነው" አለ።

"ይሄ ሌባ ነው ወይስ መካኒክ?" አልኩት። ደግሞ ሌላ ነገር ከነከነኝ። ልጁ ያን ያህል ተደብድቧል እየተባለ ብስክሌቱ መሪው ትንሽ ከመጣመሙ በስተቀር ደህና ነው። ቦዩ ውስጥም ይሄ ነው የሚባል ደም አላየሁም።

ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ የልጁ ትከሻ ላይ ያለው አጥንት መሰበሩን፣ ጭንቅላቱም መመታቱን ነገረኝ። ቀጥሎ አንሶላውን ገለጥ አድርጎ ደረቱን አሳየኝ። ከብብት እስከ ብብት የተሳበ አንድ ሰንበር፣ ቆዳው ተፍቋል።

"በዱላ ነው?"

"ሊሆን ይችላል። በጣም በኃይል የሰነዘረ ሰው ከሆነ።"

ልጁ ፂሙ ገና በቅጡ አልወጣም። ከእኔ ታናሽ ወንድም ጋር እኩያ ነው።

የሥራ ቦታው ወሎ ሰፈር ነው አሉኝ። ሄጄ ሳይ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ናት፤ ግማሿ በጭድ የተሞላ የእንቁላል ሣጥን፣ ግማሿ የተበታተነ ብስክሌት። ሸሪኩ ኢስሐቅ በሩ ላይ ቆሟል። ቀኝ እግሩን ያነክሳል። ዓለምሰገድ እንደተመታ ስነግረው እጁ ላይ የነበረው መፍቻ ወደቀና እንደ ምንም ብሎ ተቀመጠ።

"ሁለታችሁ ምን ትሠራላችሁ?"

"እንቁላል እንሸጣለን፣ አትላስ ላሉት ሆቴሎች። ግን ለእንቁላሉ ብለን አይደለም፣ ለብስክሌቱ ነው።" ማስረዳት ሲጀምር ትንፋሹ ተመለሰለት። "ሃምሳ አለቃ፣ የፋብሪካ ክለብ ውስጥ ያለ ልጅ ጎማም ይሰጠዋል፣ ምግብም ይሰጠዋል። እኛን ማን ይሰጠናል? እኔ ጉልበቴ ከመበላሸቱ በፊት ስወዳደር እናቴን አራቁቻታለሁ። እሱ ሲጀምር እንደዚያ አይሆንም አልኩ። ለልምምድ ኮተቤ መውጣቱ አይቀርም፤ ባዶውን ከሚመለስ ከገበሬዎቹ ሚስቶች እንቁላል ይዞ ይመለስ አልን። ዳገቱን ሲወጣ እግሩ ይሠለጥናል፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ እንቁላሉ ያሠለጥነዋል። የተሰበረ ካለ አንድ ጉድጓድ አላየም ማለት ነው።"

"አሁን ይሰብራል?"

"ሦስት ክረምት ሙሉ የሰበረው በጣት ይቆጠራል" አለ። ኩራቱን ሊደብቅ አልቻለም።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ። ከትናንት ወዲያ ሁለቱ ተጣልተው እንደነበረ፣ ኢስሐቅ "ወይ እንቁላሉን ተው፣ ወይ ውድድሩን ተው" ብሎ በሩን በርግዶ እንደወጣ። ተመልሼ ኢስሐቅን ዛሬ ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ አልኩት።

"ቀበሌ ሱቅ፣ ስኳር ሰልፍ ላይ።"

ሰልፉ ጋ ሄድኩ። ሴቶቹ ባንድ አፍ "አዎ፣ ነበረ" አሉኝ።

"በዓይናችሁ አያችሁት?"

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ መሬት ላይ ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱን በእግሯ ጫፍ አሳየችኝ። "ድንጋዩ ነበረ" አለች። "ተራውን ይዞለት።"

መቼም ያን ጊዜ ሁላችንም ድንጋይ አስቀምጠን ነው የምንሄደው፣ እኔም ጭምር። ግን ድንጋይ ፍርድ ቤት አይመሰክርም። ኢስሐቅን "የት ነበርክ?" ብዬ ደግሜ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። መፍቻ የያዘ መካኒክ፣ ጠብ፣ የሐሰት ቃል። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ ቀበቶውንና የጫማውን ክር አስፈትቼ ማረፊያ ቤት አስገባሁት።

ከሰዓት በኋላ ገረመውን ጠራሁት። ገረመው ከእነሱ በፊት አትላስን በእንቁላል የያዘ ነጋዴ ነው፤ ልጆቹ በብስክሌት ትኩስ ትኩስ ማምጣት ሲጀምሩ ደንበኞቹን አጣ። "እግራቸውን እሰብራለሁ" ሲል የሰሙ ነበሩ።

"ብያለሁ" አለኝ፣ እግሩን አነባብሮ። "ልጁ የተሰበረበትን ሌሊት ግን የት እንዳደርኩ ያንቺ ጓዶች ያውቃሉ።"

"የት አደርክ?"

"ቀበሌ እስር ቤት። ሰዓት እላፊ ይዞኝ። ከነጋ በኋላ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የለቀቁኝ። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከፈለግሽ ቁንጫዎቹን ጠይቂ።"

አጣራሁ፤ እውነቱን ነው።

ሻምበል አመሻሽ ላይ አስጠሩኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ደውሎላቸዋል። ለአብዮት በዓል የተዘጋጀ ተወዳዳሪ መደብደቡ ተራ ወንጀል አይደለም፣ አሻጥር ነው ብሏል።

"ነገ ከቀትር በፊት መጥተው ኢስሐቅን ይወስዱታል" አሉኝ። ዓይኔን አላዩኝም። "ሌላ ነገር ካለሽ እስከዚያ አምጪ። ድንጋይ ይዘሽ አትምጪብኝ።"

ወደ ቤቴ ስመለስ በወሎ ሰፈር አለፍኩና ሱቋን እንደገና ፈተሽኩ። የእንቁላል ጭዱ ውስጥ እጄን ስከት አንድ ለስላሳ ነገር ነካሁ። ሳወጣው አዲስ የውድድር ጎማ ነው፤ እንደ መቀነት ተጣጥፎ፣ የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበት። እንዲህ ዓይነት ጎማ አገር ውስጥ በደህና መንገድ እንደማይገባ እኔም አውቃለሁ።

ማረፊያ ቤት ሄጄ ኢስሐቅን በፍርግርጉ ጠራሁት።

"ጎማውን አገኘሁት። ጎህ ሲቀድ እሱን ልትገዛ ሄደህ ነበር፣ አይደል? ከማን ገዛህ?"

ፍርግርጉን ለቆ ወደ ኋላ ሄደ።

"ስሙን ብትነግረኝ ነጻ ትወጣለህ።"

"ሰውየው ልጆች አሉት፣ ሃምሳ አለቃ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ኮንትሮባንድ ነው። እኔ ወጥቼ እሱ ሊገባ?"

ሸሪኩን ሊገድል የተነሳ ሰው በዋዜማው ለውድድሩ ጎማ አይገዛለትም። ይሄ ለእኔ በቂ ነው፣ ለላይኞቹ ግን ሁለተኛ ክስ ይሆናል። ጎማውን ጭዱ ውስጥ መልሼ ቀብሬው ነበር፤ ለማንም አልተነፈስኩም።

በማግስቱ ማለዳ ላንድሮቨሩን ከነሾፌሩ ይዤ ወደ ኮተቤ ወጣሁ። አንድ ነገር አላስተኛኝም። ያን ያህል እንቁላል የሰረቀ ሰው የሆነ ቦታ መሸጥ አለበት፤ ጠይቄ ጠይቄ ግን የሸጠም የገዛም ጠፍቷል። እንቁላሉ ታዲያ የት ገባ?

ከላምበረት በላይ፣ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ላይ፣ ኬላ አለ። ከገጠር እህልና ቅቤ ተደብቆ እንዳይገባ የሚፈተሽበት ነው። መንገዱን ገመድ ዘግቶታል፤ ጠባቂው ረጅም ሽማግሌ፣ አቶ በዳሳ፣ የዚያው የድሮው መንደር ሰው ናቸው። ገመዱን ሲያወርዱልን ወገባቸውን ይዘው አቃሰቱ።

"ትናንት ብስክሌት የሚነዳውን ልጅ አይተውታል?"

"አላየሁም" አሉ ወደ መሬት እያዩ። "ጭጋግ ነበር።"

አለፍን። ሾፌሩን ቀስ በል አልኩትና የመንገዱን ዳር እያየሁ ወጣሁ። ቁልቁለቱ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ፣ ባህር ዛፎቹ ሥር፣ በአዲስ የታጨደ ሣር የተሸፈነ ነገር አለ። ሣሩን ገለጥኩት። ቅርጫቱ ነው። እንቁላሉ ሙሉ ነው፤ አንድም አልተሰነጠቀም። አጠገቡ የመጫኛው ብረት፣ ፓራፋንጎዎቹ፣ በመሐረብ ውስጥ ደግሞ ብሎኖቹና የብስክሌቱ ደወል በጥንቃቄ ታስረዋል።

ዘርፎ ፀሐይ እንዳይመታው ሣር የሚያለብስ ሌባ የለም። ሌባ አልነበረም።

መሐረቡን ይዤ ወደ ጣቢያ በረርኩ። ኢስሐቅ ሲያየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"የእሱ መሐረብ ነው። ራሱ ነው የፈታው።"

"ለምን?"

"እኔ ብዬው ነው። የተጣላነው በዚሁ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከነጭነቱ ነው የሚነዳው፤ ውድድር ላይ ግን ብስክሌቱ እርቃኑን ነው፣ ሌላ ፍጡር ነው የሚሆነው። በዚህ ሳምንት እንቁላሉን ተውና አራግፈህ ሞክረው አልኩት። አንድ ሳምንት ከቀረን ሆቴሎቹ ወደ ገረመው ይመለሳሉ አለኝ። ሁለቱንም ባንድ ጠዋት ሊያደርገው አስቦ ነው። ጫፉ ላይ አራግፎ፣ ወርዶ፣ ተመልሶ ወጥቶ ሊጭን።" ዕንባው ወረደ። "ወድቆ ነው እንዴ? እሱ እኮ አይወድቅም።"

ወድቆ ቢሆን ብስክሌቱ ይጫጫር ነበር። ደረቱ ላይ ያለው ሰንበርስ? ሰዓቴን አየሁ። የላይኞቹ ሊመጡ ብዙም አልቀረም። እንደገና ወደ ኮተቤ፤ አሁን እንቁላሉን የሰጠችውን ሴት ፍለጋ።

ደሪቱ ትባላለች። ግቢዋ በዶሮ የተሞላ ነው። ፖሊስ ስታይ አልደነገጠችም፣ ስለ ልጁ ነው የጠየቀችኝ።

"ኮቱ፣ ነይ፣ ግቢ ልጄ። ተረፈ? ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ ነው ያደርኩት። ባሌም እህል አልቀመሰ፤ አንድ ቃል አይናገር።"

"ትናንት ምን የተለየ ነገር ነበር?"

"ምንም። እንቁላሉን ቆጥሮ ወሰደ፣ ሳቀብኝ፣ ሄደ። ግን ደወሉን ሳልሰማ ቀረሁ።"

"የምን ደወል?"

"የብስክሌቱን ነዋ። ሁልጊዜ ቁልቁለቱ ጋ ሲደርስ ይደውላል፣ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ያን ጊዜ ባሌ ገመዱን ያወርድለታል። እንቁላል ጭኖ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢይዝ እኮ ይሰባበርበታል።" ፈገግ አለች፣ የሁለቱን መግባባት ስታስበው ደስ ብሏት። "ሳይቆም ያልፋል። ባሌ ለሌላ ለማንም እንደዚያ አያደርግም።"

"ባልሽ ማን ነው?"

"በዳሳ። ኬላው ላይ ያለው።"

ሴትዮዋ የምትለውን አላወቀችም፤ ባሏን በገዛ አፏ አሳልፋ ሰጥታኝ ደግሞ እንቁላል ይዘሽ ሂጂ ትለኛለች።

አቶ በዳሳ ላንድሮቨሩ ቆሞ ስወርድ ገና ሳልናገር ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ደወል አልሰማሁም፣ ልጄ" አሉ። "ጭጋግ ነበር። የሰማሁት ገመዱ ሲወጠር ነው። ዞር ስል እሱ መሬት ላይ ነው፤ ብስክሌቱ ብቻውን በገመዱ ሥር አልፎ ሄዷል።"

"ላምበረት ማን አደረሰው?"

"እኔ። መኪና እስኪመጣ ብጠብቅ ይሞትብኛል ብዬ በጀርባዬ አዝዬው ወረድኩ። አውቶቡሶቹ ጋ ሰው ያገኘዋል ብዬ፣ መኪና እንዳይረግጠው ቦዩ ውስጥ አስተኛሁት። ከዚያ ብስክሌቱንም ተመልሼ ወሰድኩለት። የሚወደው ዕቃ ነው፣ ይሰርቁበታል ብዬ።"

"ለምን አልተናገሩም?"

"ምን ልበል? ሳላስቆም፣ ሳልፈትሽ ነው የማሳልፈው ልበል? እንቁላሉ የሚስቴ ነው። ኬላ ጠባቂው የሚስቱን ንግድ ያሾልካል ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?"

"ጓደኛው እንደታሰረ አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ።" ዓይናቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። "ያላጠፋ ሰው ነው፤ ይለቁታል ብዬ።"

በዚያ ዘመን እንዲህ የሚያስብ ሰው መኖሩ ራሱ አስገረመኝ። ካፖርታቸውን ደርበው መኪናው ውስጥ ገቡ፤ ወዴት እንደምወስዳቸው አልጠየቁም። ጣቢያ ብወስዳቸው ኢስሐቅ ይፈታል፣ በእሱ ቦታ ግን እሳቸው ይወሰዳሉ። በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ ተወስዶ የሚመለስ የለም። ሾፌሩን "ሆስፒታል" አልኩት።

ዓለምሰገድ ነቅቷል። ሐኪሙ በሩ ላይ "ዕድለኛ ነው፤ በዓመቱ ብስክሌቱ ላይ ይወጣል" አለኝ። አቶ በዳሳ ሄደው አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ።

"ኢልማ ኮ" አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

"አባባ፣ እርስዎ ምን አጠፉ?" አለ ልጁ። ከዚያ ለእኔ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ነገረኝ። "እንደዚያ ፈጥኜ አላውቅም። ብስክሌቱ የሚበር ነበር የመሰለኝ። ደስ ብሎኝ ስለ ገመዱ ረሳሁት። መጨረሻ ላይ አውራ ጣቴ ደወሉን ፈለገ፤ አልነበረም።"

ኢስሐቅ ታስሮ እንዳለ፣ ከቀትር በፊት ሊወስዱት እንደሆነ ነገርኩት። አቶ በዳሳን ደግሞ እውነቱ ከተጻፈ ምን እንደሚያገኛቸው ነገርኩት። ጣራውን እያየ አዳመጠኝ።

"ይጻፉ" አለኝ። "ጠባቂው ቁም ብለው ጮኹ። እኔ አልቆምም ብዬ ሄድኩ። ገመዱን መታሁ። ማንም አልደበደበኝም።"

"ዋሸ" አሉ አቶ በዳሳ። "ቁም አላልኩትም። ጻፊ ልጄ፣ ቁም አላልኩትም።"

"ብለውኛል፣ አባባ። ረስተውት ነው።"

ብዕሬን አስቀመጥኩ። "ዓለምሰገድ፣ ስማኝ። የኬላ ትእዛዝ የጣሰ ሰው ከቀበሌ የድጋፍ ወረቀት አያገኝም። ወረቀት የሌለው ደግሞ አይመዘገብም። ዘንድሮ ብቻ አይደለም፤ ከእንግዲህ የሚያወዳድርህ የለም። ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል።"

"ትንሽ አስብበት።"

"ጊዜ የለንም አላሉኝም እንዴ?" አለኝ። "ይጻፉ፣ እህቴ።"

ጻፍኩ። ጠባቂው ልጁን ተሸክመው ማዳናቸውን፣ ስጠይቃቸውም ቃላቸውን ሳይደብቁ መስጠታቸውን ከራሴ ጨመርኩበት። ልጁ በግራ እጁ ፈረመ። አቶ በዳሳ ግድግዳውን ተደግፈው ካፖርታቸው ውስጥ ሲንሰቀሰቁ ይሰማኝ ነበር።

ሻምበል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። አንዴ ቀና ብለው አዩኝ፣ የሆነ ነገር ሊጠይቁኝ ፈልገው ተዉት። የላይኞቹ መኪና ግቢ ሲገባ የኢስሐቅ መፈቻ ትእዛዝ ተፈርሞ አልቋል።

ኢስሐቅን በጓሮ በር አስወጣሁት። የጫማውን ክር ገና አላሰረም፣ በእጁ ይዞታል።

"እንዴት ነው?"

"ነቅቷል። ማንም አልመታውም፣ የኬላው ገመድ ነው። ትከሻው ተሰብሯል።"

"እግሩስ?"

"እግሩ ደህና ነው።"

"ሐኪሙ መቼ ይነዳል አለ?"

"በዓመቱ ብስክሌቱ ላይ ይወጣል አለ" አልኩት። ያለው እንደዚያ ነው፣ አልዋሸሁም።

ፊቱ በአንድ ጊዜ በራ። "ዓመት ምን አላት? በእግሬም ቢሆን ኮተቤ እየወጣሁ እንቁላሉን አላቋርጥም። ዓመቱን ሙሉ እሠራለታለሁ። ለሚመጣው ውድድር አዲስ ጫማም፣ አዲስ ጎማም፣ ሁሉም ተሟልቶ ነው የሚጠብቀው።" ሊሄድ ዞረና ተመለሰ። "ለእሱ ግን አይንገሩብኝ። ድንገት ሲያየው ደስ ይበለው።"

"አልነግረውም" አልኩት።

ክሩን አሰረና እያነከሰ በፍጥነት ወጣ።